ገብስማዋን ምን ነካት?

«ዶሮዬማ ደህና ነበረች። ልጅቷ ዓይኗን ከጣለችባት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ። ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር ቆመው በስልክ ነበር የሚያወሩት፤ እንደ ልማዳቸው፣ የሚያናግሩት ሰው እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ይመስል እየጮኹ። ሩቲ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «አዎ፣ የኢዮሲያስ ሚስት። ቆማ አየቻትና ‹እንዴት ታምራለች!› አለች። ጌታ ይባርካት የለ፣ ምን የለ፤ እንዲያው ደረቁን! ኧረ እኔ ያንን ቃል ከአፌ አላወጣውም፤ እኛ ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን። መንፈስ ነው በቃ፣ በዘር የሚወርድ መንፈስ። ዛሬ ከሰዓት የጸሎት ኅብረቱ ሲሰበሰብ ልጅቷን መሀል እናስቀምጣትና እጅ እንጫንባት። አይ፣ አልነገርኳትም። ከነገርኳትማ መች ትቀመጣለች!»

ሩቲ አፏን ተጉመጥምጣ ተፋች። አማቷ ከአፋቸው የማያወጡትን ቃል እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቀጨኔ ተወልዶ፣ ከሸክላ ሠሪ እናት ጉያ አድጎ፣ ቡዳ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ትንሽ ልጅ ሆና ለእናቷ ድስት ተሸክማ ገበያ ስትወጣ፣ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች የልጃቸውን ፊት በነጠላ ያለብሱባት ነበር። ድስቱን ግን ማንም አልፈራውም። ጉለሌ ሙሉ ወጡን ይሠራበታል፤ ወይዘሮ ዓለምነሽ ራሳቸው የፋሲካን ዶሮ የሚሠሩት በቀጨኔ ድስት ነው። ጭቃውን ያቦካው እጅ ንጹሕ፣ ጭቃውን ያየው ዓይን ግን ሰው በላ! እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚሠራ ጭንቅላት በሰንበት ቀን በሁለት እጁ እያጨበጨበ «ሁላችን አንድ ነን» ብሎ ይዘምራል። በሠርጓ ዕለትም እኒሁ አማቷ ማይክ ይዘው፣ «ስሟ ሩት ነው፤ እኔም ኑኃሚን ነኝ» ብለው ጉባኤውን አስለቅሰው ነበር።

ሩቲ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። ቶሎ ትናደዳለች፤ ተናዳ ግን መላ አይጠፋባትም። ጸሎቱ ራሱ አላስፈራትም፤ በጸሎት የተጎዳ ሰው አላየችም። ያስፈራት ከጸሎቱ በኋላ ያለው ነገር ነበር። እነዚያ ሴቶች ከዚህ ሳሎን ወጥተው በየቤታቸው፣ «እጅ ጫንንባት» ይላሉ። እጅ ከተጫነባት ደግሞ ነበረባት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በወሬ እንጂ በማስረጃ አይሄድም። ስሙም እሷ ላይ ብቻ አይቀርም። ሆዷን ዳበሰች፤ ገና ከቀሚሷ በላይ መታየት መጀመሩ ነው። ነገ ይህ ልጅ ኳስ ይዞ ወደ መንደር ሲወጣ እናቶች የየራሳቸውን ልጅ ከደጅ ይጠራሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ገብስማዋን ምን እንደነካት መታወቅ አለበት፤ ያውም ማንም ሰው በገዛ ዓይኑ በሚያየው ነገር።

ግቢው የነሐሴ ጭቃ ሆኗል። ወይዘሮ ዓለምነሽ ዶሮዎቻቸውን የሚያሳድሩት ከውሃው ሮቶ ሥር፣ ከአሮጌ በርና ከቆርቆሮ ቁራጭ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው፤ ቀን ቀን በጓሮው ሁሉ እየተበተኑ ጭቃውን ሲጭሩ ይውላሉ። ሮቶው ስለሚያንጠባጥብ ከሥሩ ያለው መሬት በበጋም አይደርቅም። ገብስማዋ ከሌሎቹ ተለይታ እዚያ እርጥብ መሬት ላይ ኩርምት ብላ ነበር። ክንፎቿ ወርደዋል፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ደም እንደሌለው ነጥቷል። እንቁላል ካቆመች ሰንብታለች። ሩቲ ስታነሳት ክብደት የሚባል ነገር አጣችባት፤ ላባ የሞላ ፌስታል የያዘች መሰላት። ደረቷን ስትዳብስ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት እጇ ላይ ተሰማት። በቀኝ ክንፏ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ዳሰሰች። በቀይ ክር የታሰረች ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ናት። ፈታቻት። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም።

«የት ልትወስጃት ነው?» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ ከበስተኋላዋ። ዓይናቸው ዶሮዋ ላይ ሳይሆን የተፈታችው ቋጠሮ ላይ ነበር።

«ሐኪም ጋ።»

«ዶሮ? ሐኪም ጋ? ሰው ምን ይላል ልጄ?»

«ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ዓለምነሽ ወደ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ቀና ብለው አዩ። መስኮቱ ክፍት ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ለሩቲ ነገሩ ይቀል ነበር። ሲያማት ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጠው አንገቷን ያሻሉ፤ ከገበያ ሲመለሱ «ላረገዘች ሴት» ብለው ብርቱካን ይደብቁላታል። እንዲህ ያሉ ደግ ሴት ናቸው ለዓይን መከላከያ ብለው ቋጠሮዋን ያሰሩት። «ምን ላድርግ፣ ከሁሉም አብልጣ ትበላለች፤ የበላችው አይጠቅማትም» አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸውን እንደ መከላከል። «ውስጧን የሚበላት ነገር አለ።»

«እሱን እንኳ ልክ ብለዋል» አለች ሩቲ። «ምን እንደሆነ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ ያለው ሸፊ የፓስታ ካርቶን ሰጣት፤ ጎኑን በቢላ እየበሳ ዶሮዋ እንድትተነፍስ ቀዳዳ አበጀላት። «ሩቲ፣ ይቺ እንኳ ለወጥ አትሆንም» አላት እየሳቀ። «ወጡን ራሷ ትጠጣዋለች እንጂ።» ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነበር የገጠማት። ቅዳሜ ወደ ሸጎሌ የሚሄድ ሰው ግማሹ ለከብት ገበያ ነው፤ ካርቶን ያቀፈች ሴት ያየ ሁሉ ዋጋ ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ በቀዳዳው አጮልቀው አዩና፣ «ስንት ትያታለሽ?» አሏት። «አትሸጥም፣ አባባ። ልትታከም ነው።» ሽማግሌው ለረዳቱ፣ «ስማ፣ ለዶሮዋም ሒሳብ ተቀበል፤ ታማሚ ናት» ሲሉ ታክሲው ሳቀ። ሩቲም ሳቀች። ዶሮ አሳክሞ መሳቂያ መሆን ዛሬ ሊደረግላት ከታሰበው ክብር በስንት ጣዕሙ!

መንገድ ላይ ለባሏ ደወለችለት። ኢዮሲያስ ቅዳሜ እስከ ከሰዓት የሚሠራ የባንክ ሠራተኛ ነው። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው፤ ተሳፋሪው ጆሮውን ቢያቆምም ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ሩቲዬ፣ ተዪው በቃ» አላት። «እናቴ ናት። ትጸልይልሽ፣ ምን ትጎጃለሽ?»

«አንተ መሀል ተቀምጠህ እጅ ይጫንብህና ምን እንደሚጎዳህ ንገረኝ።»

የኢዮሲያስ ዝምታ በቤተሰቡ ዘንድ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። አባቱም እንዲሁ ነበሩ ይባላል፤ እናት ተናግራ፣ ሚስት ተናግራ፣ ወንዱ ጣራ ጣራ እያየ ነገሩ እስኪያልፍ የሚጠብቅበት ቤት ነው። ሩቲ የእሱን ጉዳይ ለማታ ቀጠረችውና ስልኩን ዘጋችው።

የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ከገበያው ማዶ፣ በአንድ ጎሚስታና በአንድ ጥሬ ሥጋ ቤት መካከል የገባ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የወፈረች የፈረንጅ ላም ሥዕል ተለጥፏል፤ ወለሉ በገዢዎች ቦቲ ጭቃ ተለስኗል። ዶክተር ቶለሳ የሚባለው ሐኪም ነጭ ጋውኑን ሹራብ ላይ ደርቦ፣ ከሁለት በግ ነጋዴዎች ጋር እየተከራከረ ነበር። ካርቶኑን ገልጦ ዶሮዋን አየና እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። «ቴትራ ነው። ውሃዋ ውስጥ በጥብጪላት።»

«ምን እንደያዛት ሳያዩ?»

«እህቴ፣ በክረምት የዶሮ በሽታ ያው ነው። ሰው ሁሉ የሚወስደው ይህንን ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚወስደውን አልጠየቅኩዎትም። ይቺን ዶሮ ምን እንደያዛት ነው የጠየቅኩት። ያ ጥግ ላይ ያለው ማይክሮስኮፕ ለጌጥ ነው?»

በግ ነጋዴዎቹ ክርክራቸውን ትተው ዞሩ። አንደኛው፣ «ዶክተር፣ ዛሬ አለቃህ መጣች» አለው። ቶለሳ መጀመሪያ ፊቱን ቋጠረ፤ ቀጥሎ ከመሣሪያው ላይ የተከናነበውን ፕላስቲክ አነሳ። ሲሠራ ሌላ ሰው ሆነ። የዶሮዋን የዓይን ሽፋን ገልጦ ንጣቱን አየ፤ ማንቁርቷን ዳበሰ፤ የደረቷን አጥንት በአውራ ጣቱ ተከትሎ ከንፈሩን መጠጠ። ምን እንደምትበላ፣ ምን ያህል እንደምትበላ፣ የት እንደምትውል ጠየቃት። ካርቶኑ ውስጥ ከጣለችው ኩስ በእንጨት ቆንጥሮ በጨው ውሃ በጠበጠ፤ አጠለለና፣ «የትል እንቁላል ካለ ይንሳፈፋል፤ ጥቂት እንጠብቀው» አላት። በዚህ መሀል ነው ቋጠሮዋን ጠረጴዛው ላይ ያየው፤ ሩቲ ከኪሷ አውጥታ አስቀምጣት ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአማቴ ምርመራ ነው። ዓይን በልቷታል ብለዋል። የእኔ ዓይን።»

«አንቺ የት ልጅ ነሽ?»

«የቀጨኔ።»

«አሃ» አለ ቶለሳ።

«አሃ ማለት ምን ማለት ነው፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። «እ... ማለቴ፣ እናቴ ድስት ከዚያ ነበር የምትገዛው ለማለት ነው» አለና፣ ማለት የፈለገው እሱን እንዳልነበረ ሁለቱም ስላወቁ፣ ቶሎ ብሎ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለ። ብዙ አልቆየም። «ነይ እይ» አላት። ሩቲ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። መጀመሪያ የራሷ ሽፋሽፍት ብቻ ነበር የታያት። ቀጥሎ ብርሃኑ ተስተካከለላትና ረዘም ረዘም ያሉ፣ ቅርፊታቸው የወፈረ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ የተዘሩ ነገሮች ታዩዋት፤ አንድ ሁለት ሳይሆኑ መስኩን የሞሉ።

«ወስፋት ነው፤ የዶሮ ወስፋት» አለ ቶለሳ። «አንጀቷ ውስጥ ተኝቶ የምትበላውን ይበላባታል። ይሄ የምታዪው እንቁላሉ ነው፤ ከኩሷ ጋር ይወጣል፣ እርጥብ መሬት ላይ ይከርማል፣ ሌላዋ ዶሮ ጭራ ትለቅመዋለች። ከሮቶው ሥር ነው የምትውለው አላልሽም? እዚያ ነው ያገኘችው። ሌሎቹም ይኖርባቸዋል፤ ደህና መስለው ቢታዩም ሁሉንም አጠጪ። የሚያንጠባጥበውንም አስጠግኚ፣ አለዚያ መድኃኒቱን ስትገዢ ትኖሪያለሽ።» የቴትራውን ብልቃጥ ወደ መደርደሪያው መለሰው። «ይሄ ለወስፋት ምንም አያደርግም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ዶሮዋን መዘናት፤ ነጩን ዱቄት በውሃ በጥብጦ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀዳ። ሩቲ ያዘቻት። ሐኪሙ ምንቃሯን ከፍቶ፣ ወደ አየር ቧንቧዋ እንዳይገባ በምላሷ ጎን በኩል ቀስ አድርጎ አጠጣት። ገብስማዋ አንገቷን ነቀነቀችና ዋጠችው። «እስከ ከሰዓት ማውጣት ትጀምራለች። የወጣውን ለሌሎቹ እንዳይደርስ ቅበሪው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሚላት። እስከዚያ እንቁላላቸውን አትብሉ» አላት፤ የተረፈውን መድኃኒትም ለሌሎቹ ጠቀለለላት። ልትወጣ ስትል፣ «እህቴ» ብሎ ጠራት። «በአሃው ይቅርታ።» ሳይጠየቅ የመጣ ይቅርታ ዛሬ ይህ የመጀመሪያው ነውና ሩቲ ተቀበለችው።

ቤት ደርሳ ካርቶኑን በረንዳ ላይ አስቀመጠች፤ ንጹሕ ጋዜጣ አነጠፈች፤ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ወይዘሮ ዓለምነሽ ሳሎኑን እያሰናዱ ነበር። ወንበሮቹን ዙሪያውን ደረደሩ፤ አንዱን መሀል አስቀመጡ፤ ቆይተው አነሱት፤ ቆይተው መልሰው አስቀመጡት። ሁለቱም ስለ ወንበሩ አልተነጋገሩም። «በላሽ?» አሏት በበሩ አንገታቸውን አስግገው። «በልቻለሁ።» «ሻዩ ትኩስ ነው።» «እሺ።» የዚያ ቤት ሰዎች እንዲህ ነው የሚጣሉት። ሰማዩ እንደ ልማዱ ከእንጦጦ በኩል ጠቆረ። ገብስማዋ ከካርቶኑ ውስጥ ተነሳች፣ ጅራቷን ሰበቀች፣ ጋዜጣው ላይ ጣለች። ሩቲ አፍንጫዋን ይዛ በደስታ ጎንበስ አለች። እንደ ፓስታ የነጡ፣ ጣት የሚያህሉ ትሎች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ገና ይንቀሳቀሳሉ። የማርማላታ ጠርሙስ በውሃ ሞላችና በእንጨት እያነሳች ከተተቻቸው።

ኅብረቱ ዝናቡን ቀድሞ ደረሰ። ጃንጥላዎች በረንዳው ላይ ተደረደሩ። የጸሎቱ መሪ ወይዘሮ ደሳለች ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሲዘምሩ ቆርቆሮው ይርዳል። ኢዮሲያስም ከሥራ ገባና ከበሩ መቃን ጋር ተደግፎ ቆመ። ሁለት መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ወይዘሮ ደሳለች መሀረባቸውን አጣጥፈው፣ እንደ ማር በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሩቲዬ፣ የኔ ልጅ፣ እስቲ ነይ መሀል ተቀመጪ። ጌታ ዛሬ ለአንቺ ያዘጋጀው ነገር አለ» አሉ።

ሩቲ መሀል ገባች፤ አልተቀመጠችም። ጠርሙሱን ከዳቦው ሳህን አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እኔም ያዘጋጀሁት አለ» አለች። «የእማዬን ዶሮ የበላት ይኸው። ወስፋት ነው። ሐኪም መርምሮ አገኘው፣ መድኃኒት ሰጣት፣ አሁን ከሆዷ ወጣ። ዓይን ያላችሁ ቅረቡና እዩ።» አንዷ ሴት አፏን ያዘች። አንዷ ዳቦውን ወደ ራሷ ሳበች። የተቀሩት ግን አንገታቸውን አስግገው እያዩ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያይ የሚያልፍ ሰው የለም።

ወይዘሮ ደሳለች በቀላሉ የሚሸነፉ አይደሉም። «ትሉንስ የላከው ማን ነው?» አሉ።

«የነሐሴ ጭቃ ነው የላከው፣ እትዬ ደሳለች። ጭቃውም ላይ እጅ ይጫንበት?»

ሳቅ አመለጠ። ሳቁ ነው ሴትዮዋን ያሳታቸው፤ ማሩ ከድምፃቸው ላይ ጠፋ። «ሳቁ! ሳቁ! በዘር የመጣ ነገር ግን በጠርሙስ አይወጣም። በዘር መጥቷል፣ በዘር ይሄዳል። በሆዷ ያለውም ቢሆን...»

«በሆዷ ያለው ምን?» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

ከጓዳው በር ላይ የሻይ ትሪ ይዘው ቆመው ነበር። ትሪውን አስቀመጡ። «ጨርሺው እንጂ ደሳለች። በሆዷ ያለው የኢዮሲያስ ልጅ ነው። የእኔ የልጅ ልጅ ነው። ምን አለበት ልትዪ ነው?»

«ዓለሜ፣ ራስሽ አይደለሽ ወይ ጠዋት የደወልሽልኝ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ሁሉም ወደ ወይዘሮ ዓለምነሽ ዞረ፤ ሩቲም፣ ኢዮሲያስም። አሮጊቷ እንዲህ ሲታዩ በዚያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። በእጃቸው የለኮሱት እሳት ዞሮ የራሳቸውን ደጅ ሲልስ ያን ጊዜ ነው ያዩት። «ስለ ዶሮዬ ነው የደወልኩት» አሉ በመጨረሻ። «ዶሮዬ ደግሞ ወስፋት ነበረባት፤ ይኸው በዓይኔ አየሁት። ተሳስቻለሁ። በእኔ ቤት፣ በዚህች ልጅ ላይ፣ ማንም እጁን አያነሳም።» መሀል የነበረውን ወንበር ሳቡና ራሳቸው ተቀመጡበት።

ከበሩ መቃን ኢዮሲያስ ጉሮሮውን ጠረገና ጣራ ጣራውን አየ። ሩቲ አየችው፤ ማታ ይጠብቀዋል። የአማቷም አንገት ላይ አልተጠመጠመችም። ለልጅ ልጃቸው እንጂ ለእሷ እንዳልቆሙ አላጣችውም። ሆኖም «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል በዘጠኝ ሴት ጆሮ ገብቷል፤ ነገ በየቤቱ የሚወራውም እሱ ነው። ሩቲ ጠርሙሷን ይዛ ወጣች፤ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ውሃውን ከነትሉ ደፍታ፣ አፈሩን በቦቲዋ ረገጠችው።

ዝናቡ ሲያባራ ሴቶቹ በረንዳው ላይ ጃንጥላቸውን እየለዩ ሳለ፣ ወይዘሮ ደሳለች ወደ ዶሮው ቤት ጠጋ አሉ። ሩቲ አውራውን ዶሮ በክንዷ ሥር ይዛ መድኃኒት እያጠጣችው ነበር። «ሩቲዬ» አሉ በሹክሹክታ። «እ... ማለቴ፣ የእኔም ዶሮዎች ይበላሉ፣ ይከሳሉ። ከመድኃኒቱ ተርፎሻል?»

ሩቲ የሚመጣላትን ሁሉ መልስ በአፏ አገላብጣ ዋጠችው። «ተርፎኛል። ስንት ናቸው?»

ወይዘሮ ደሳለች ወደ በረንዳው ዞር ብለው አዩ። የዶሮን ቁጥር፣ የላምን ቁጥር፣ ዓይኑ ለሚፈራ ሰው ማንም አይቆጥርለትም፤ ይህን ሩቲም ታውቃለች፣ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። በረንዳው ላይ ያሉትም ጃንጥላቸውን ትተው ወደዚህ እያዩ ነው።

«ቁጥሩን ካልነገሩኝ ልኩን ልነግርዎት አልችልም» አለች ሩቲ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰበሰቡ። ከዚያ፣ ቆርቆሮ በሚያንቀጠቅጠው በዚያ ድምፃቸው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ። «አንድ ቀይ አለችኝ። ሁለት ነጭ። አንዲት ጥቁር፣ እሷ ናት የባሰባት። አውራው ደግሞ አለ።» ቆም ብለው ቀና አሉና በቀጥታ ዓይኗን አዩ። «ጫጩቶቹስ ይቆጠራሉ?»

«ይቆጠራሉ» አለች ሩቲ።